ያለ ጋብቻ ምስክር ወረቀት በሰው አገር፦ ጥንዶች ከመጓዛቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ፍኖተ ሰላም፦ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የአንድን አርሶ አደር የማሳ ድንበር ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ክርክር ተነሥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በቅድሚያ የሚጠየቀው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ነው። በዚያ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ሰፍሮ፣ ፎቶግራፋቸውም ተያይዞ ይገኛል። መሬቱን እንዲህ በጥንቃቄ ያስመዘገበ ቤተሰብ ትዳሩን ግን ሳያስመዘግብ ዓመታትን ሊያሳልፍ ይችላል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተጥሎ፣ አዝመራው በተሰበሰበበት በጥር ወር ድግስ ተደግሶ የቆመ ጎጆ የአካባቢው ሰው ሁሉ ምስክሩ ስለሆነ ወረቀት የሚጠይቀው የለም።

ጥንዶቹ ወደ ሌላ አገር የተጓዙ ዕለት ግን እነዚያ ምስክሮች ሁሉ ከኋላ ይቀራሉ። ያላገቡ ወንድና ሴት በአንድ ቤት እንዳያድሩ በሚከለክል አገር ሕግ ፊት ሰነድ የሌለው ባልና ሚስት እንዳላገባ ይቆጠራል። ይህ ጽሑፍ ለሥራ፣ ለንግድ፣ ለሕክምና ወይም ለጉብኝት ከአገር የሚወጡ ጥንዶችና ቤተሰቦቻቸው ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግና የሰነድ ጉዳዮችን ያብራራል።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው እነማን ናቸው?

ጉዳዩ በመጀመሪያ የሚመለከተው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶችን ነው። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫና ከዙሪያቸው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ተነሥተው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ ወደ ኩዌትና ወደ ኳታር የሚያቀኑ አሉ። አንዳንዶቹ ባልና ሚስት ሆነው በተለያየ ጊዜ ይወጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ እዚያው ተዋውቀው በአገር ልጅነት ይቀራረቡና አብረው መኖር ይጀምራሉ።

ሁለተኛዎቹ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ መተማ ወርደው ድንበሩን ተሻግረው ወደ ሱዳን የሚገቡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ጦርነት ውስጥ የገባች በመሆኗ ይህ መንገድ ለሕይወትም አስጊ ነው።

ሦስተኛዎቹ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የሚመላለሱ ነጋዴዎች እንዲሁም ለሕክምና ወይም ለጉብኝት የሚወጡ የከተማ ነዋሪዎች ናቸው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው የሚገጥማቸው በሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ አልጋ የሚይዝ ሰው መታወቂያ ይጠየቃል እንጂ የጋብቻ ወረቀት አምጣ አይባልም። ስለዚህ ጥያቄው በሰው አገር ድንገት ሲቀርብ ብዙዎችን ያስደነግጣል።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

የሌላውን አገር ሕግ ለመረዳት የራስን ማወቅ ይጠቅማል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በሦስት መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል ይደነግጋል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባሕል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት በሰማንያ የተጋቡ ወይም በቤተ ክርስቲያን በቁርባን የተጋቡ ባልና ሚስት ትዳራቸው ሕጋዊ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግን ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ይፈጸም፣ በክብር መዝገብ ሹም መመዝገብ እንዳለበት ጨምሮ ያስገድዳል።

ያው ሕግ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለሚኖሩ ሰዎችም ይናገራል። አብሮ መኖሩ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ በዚያ ጊዜ የተፈራ ንብረት የጋራ ይሆናል። የወንጀል ሕጋችንም ያላገቡ ሁለት አዋቂዎች ፈቅደው አብረው በመኖራቸው አይቀጣም። በአንቀጽ 652 የሚያስቀጣው ያገባ ሰው የሚፈጽመው አመንዝራነት ሲሆን እሱም ቢሆን የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ወንጀል ያልሆነን፣ እንዲያውም መብት የሚያስገኝን አኗኗር ይዞ ድንበር ሲሻገር በወንጀል ሊጠየቅበት ይችላል። አባቶች «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚሉት፣ በሰው አገር የሚሠራው የዚያው አገር ሕግ ነው። «በአገሬ ተፈቅዷል» የሚል መከራከሪያ ፖሊስ ጣቢያ ላይ ዋጋ የለውም።

የመዳረሻ አገሮች ሕግ

ሕጎቹ ከአገር አገር ይለያያሉ፤ በአንዳንዶቹም በቅርብ ዓመታት ተሻሽለዋል። ከዚህ በታች የቀረበው ለአካባቢያችን ተጓዦች ቅርብ የሆኑትን የሚመለከት ነው።

ሳዑዲ ዐረቢያ፦ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነትን በተመለከተ ዳኞች የሚፈርዱት በሸሪዓ ሲሆን በዝርዝር የተጻፈ አንቀጽ ስለሌለ ቅጣቱ በአብዛኛው በዳኛው ውሳኔ ላይ ይመሠረታል። አገሪቱ በመስከረም 2012 ዓ.ም ለቱሪስቶች በሯን ስትከፍት የውጭ አገር ጎብኝ ጥንዶች ዝምድናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ሳይጠየቁ በአንድ ሆቴል ክፍል ማረፍ እንዲችሉ ፈቅዳለች። ይህ ለጎብኝ የተሰጠ የሆቴል አገልግሎት ፈቃድ ነው። በኢቃማ የሚኖር ሠራተኛ ከፍቅረኛው ጋር ቤት ተከራይቶ መኖር ይችላል ማለት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ አልተሻረም።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፦ ዱባይና አቡ ዳቢ የሚገኙባት ይህች አገር በጥቅምት 2013 ዓ.ም መጨረሻ ባደረገችው የሕግ ማሻሻያ ያላገቡ ጥንዶች በአንድ ቤት መኖራቸውን ከወንጀልነት አውጥታለች። ከታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አልከፈተም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ከጋብቻ ውጭ በስምምነት ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢያንስ ስድስት ወር እስራት ያስቀምጣል፤ ክሱ የሚቀርበው ግን ባል ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ሲያመለክት ብቻ ነው፤ አመልካቹም አቤቱታውን ማንሣት ይችላል። ከግንኙነቱ ልጅ ከተወለደ ደግሞ ወላጆቹ እንዲጋቡ፣ ወይም በጋራም ሆነ በተናጠል ልጁን አምነው ሰነድ እንዲያወጡለት ይጠበቃል። ይህን ካላደረጉ ቅጣቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት እስራት ነው።

ኳታር፦ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕጓ ከጋብቻ ውጭ ለሚደረግ ግንኙነት እስከ ሰባት ዓመት የሚደርስ እስራት ይደነግጋል። በሐኪም ቤት የእርግዝና ክትትል ለመጀመር የጋብቻ ማስረጃ መጠየቅ የተለመደ መሆኑን የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል።

ሱዳን፦ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ ላላገባ ሰው 100 ግርፋት፣ ላገባ ደግሞ በድንጋይ ተወግሮ መሞትን ይደነግጋል። የአገሪቱ የማስረጃ ሕግ ባል የሌላትን ሴት እርግዝና እንደ ማስረጃ የሚቆጥር በመሆኑ ሕጉ ይበልጥ የሚከብደው በሴቷ ላይ ነው።

ከአካባቢያችን ራቅ ያሉ አገሮችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። የሞሮኮ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 490 ያላገቡ ሰዎች ግንኙነትን ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ከታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ የሚውል አዲስ የወንጀል ሕግ አጽድቃለች፤ ሳይጋቡ አብሮ መኖር እስከ ስድስት ወር፣ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ያስቀጣል። በዚያም ክስ ማቅረብ የሚችሉት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ብቻ ናቸው።

ጎብኝና ሠራተኛ በአንድ ዐይን አይታዩም

ከላይ እንደተመለከተው አንዳንድ አገሮች ለጎብኝዎች ሕጉን አላልተዋል። ከአካባቢያችን የሚሄደው ሰው አብዛኛው ግን የሚሄደው ለሥራ ስለሆነ የጎብኝን ዜና ሰምቶ ለራሱ መውሰድ አይገባውም። ለሠራተኛ አደጋው የሚመጣው በሦስት በኩል ነው።

የመጀመሪያው አሠሪው ወይም ከፊሉ ነው። በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ሴት የምታድረው በአሠሪዋ ቤት ነው። ከዚያ ወጥታ ከፍቅረኛዋ ወይም ከባሏ ጋር ለመኖር ብትወስን አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ሊያመለክት ይችላል። ያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዷ ዋጋ ያጣል፤ አብሮ የመኖሩ ጉዳይም በፖሊስ እጅ ከገባች በኋላ ተጨማሪ ክስ ሆኖ ይመጣባታል።

ሁለተኛው የቤት ኪራይ ነው። በደባልነት ብዙ የአገር ልጆች በሚኖሩበት ቤት ውስጥ አንድ ጥንድ ሲጨመር ጎረቤት ወይም አከራይ ሊጠቁም ይችላል። የተጠየቁት ጥንዶች ባልና ሚስት ነን ቢሉ እንኳ የሚያሳዩት ወረቀት ከሌላቸው ቃላቸው ብቻውን አያድናቸውም።

ሦስተኛው ሐኪም ቤት ነው። ለእርግዝና ክትትል ወይም ለወሊድ የሄደች ሴት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ስትጠየቅ ማቅረብ ካልቻለች ነገሩ ወደ ፖሊስ ሊሄድ የሚችልባቸው አገሮች አሉ። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሐኪም ቤት መሄድን ትቶ በቤት ውስጥ መውለድ ደግሞ እናትንም ልጅንም ለሞት ያጋልጣል። ሁለት ሰዎች በፈቃዳቸው ለጀመሩት ሕይወት በአብዛኛው አንዷ ብቻ ተጠያቂ ሆና የምትቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የወንዱ ድርሻ በዐይን አይታይም፤ የሷ ግን በማሕፀኗ ነው።

የስምና የዘመን አቆጣጠር ልዩነት የሚፈጥረው ችግር

በሌላው ዓለም በብዙ ቦታ ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም ትይዛለች። በእኛ አገር ግን ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው፤ በፓስፖርቷም ላይ የሚሰፍረው የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያዊ ባልና ሚስት ፓስፖርት ጎን ለጎን ቢቀመጥ አንድም የሚመሳሰል ስም ላይገኝበት ይችላል። የሆቴሉ ሠራተኛ ወይም የድንበር ጠባቂው ይህን ባሕል ላያውቅ ይችላል። ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ የሚመጣውን ይህን ጥርጣሬ የሚመልሰው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከውጭው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደኋላ ይላል። ለምሳሌ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም የተጋቡ ጥንዶች በውጭው አቆጣጠር የተጋቡት እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2023 ነው። ተርጓሚው ይህን ሳይለውጥ 2015 ብሎ ቢያልፈው ጥፋቱ ቀላል አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2003 መጀመሪያ የተወለደች፣ ስታገባ 20 ዓመቷ የነበረች ሙሽራ፣ በወረቀቱ ላይ በ12 ዓመቷ የተዳረች ሆና ትታያለች። ሕጋዊው ትዳር የልጅነት ጋብቻ መስሎ ሰነዱ ውድቅ ሊሆን ወይም ባልየው ሊጠየቅበት ይችላል። ትርጉሙን ከመቀበላቸው በፊት ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መስፈሩን፣ የስሞች የላቲን አጻጻፍም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል መመሳሰሉን ማረጋገጥ ከችግር ያድናል።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት እንዴት ይገኛል?

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ሲሆን በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በቀበሌ ደረጃ በክብር መዝገብ ሹም ይመዘገባሉ። ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ፣ ልደት ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።

«እኛ የተጋባነው ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ጊዜው አልፎብናል» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ ጥንዶች አሉ። ጊዜው ያለፈበት ጋብቻም ሆነ ምዝገባው ከመጀመሩ አስቀድሞ የተፈጸመ ነባር ጋብቻ መመዝገብ ይችላል። የሚያስፈልገው ጋብቻው መቼና እንዴት እንደተፈጸመ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ የጋብቻ ውል ካለ ዋናውን ይዞ መቅረብ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተፈጸመ ከሆነም ከዚያ የተሰጠውን ወረቀት ማቅረብ ይገባል። የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለ በሠርጉ ላይ የነበሩ ሰዎች ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ነውና ሽማግሌዎቹ በሕይወትና በአካባቢው እያሉ ማስመዝገቡ ብልህነት ነው።

ባልና ሚስት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በአካል ሲቀርቡ የታደሰ መታወቂያና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ምስክሮቻቸውን ያስከትላሉ። ከመሄዳቸው በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ ሹሙን ጠይቆ መረዳት መመላለስን ያስቀራል። በጸጥታ ችግር ምክንያት የቀበሌው አገልግሎት በተቋረጠበት ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ የት መመዝገብ እንደሚችሉ ከወረዳው ወይም ከከተማ አስተዳደሩ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሁለቱ ስምና ፎቶ መኖሩ ለቀበሌው ደጋፊ ማስረጃ ሊሆን ቢችልም በውጭ አገር ግን የጋብቻ ምስክር ወረቀትን አይተካም።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ሥራው አላለቀም። የቀበሌ ማኅተም ያለበትን ሰነድ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት እንዲቀበለው የማረጋገጥ ሂደት ያስፈልገዋል። በተለመደው አሠራር ሰነዱ በአገር ውስጥ የሚመለከተው አካል ያረጋግጠዋል፤ ሕጋዊ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ወደ ዐረብኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል፤ ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ በመጨረሻም የመዳረሻው አገር ኤምባሲ ማኅተሙን ያሳርፍበታል። ይህ ጊዜና ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ፓስፖርት ለማውጣት በተነሡበት ሰሞን አብሮ ቢጀመር ይመረጣል። ሲጓዙም ዋናውን ሰነድ በእጅ ቦርሳ መያዝ፣ ኮፒውን ለቤተሰብ መተው፣ ፎቶውንም በስልክ ማስቀመጥ ይገባል። አሠሪው ፓስፖርትና ሰነድ በሚይዝባቸው ቤቶች የስልኩ ፎቶ ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በሐሰተኛ ወረቀት ስለማይቻል ነገር

«ወረቀቱን እኔ አሠራላችኋለሁ» የሚል ደላላ ቢያጋጥም እንኳ መቀበል አይገባም። ያልተጋቡ ሰዎችን በሐሰተኛ ሰነድ ባልና ሚስት አድርጎ ማስመሰል በአገራችንም በመዳረሻውም አገር ወንጀል ነው። ሲደረስበት ቀድሞ የነበረው ጥያቄ ሳይነሣ የሐሰተኛ ሰነድ ክስ ይጨመርበታል። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰውም የሚጓዘው በሕግ መሠረት ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል በተመዘገበ ውል ሊሆን ይገባል። ውል ያለው ሠራተኛ ችግር ቢገጥመው ኤምባሲው የት እንዳለ፣ ለማን እንደሚሠራ ያውቃል።

አንዱ ቀድሞ ከሄደስ?

ሚስት ቀድማ ሄዳ ባል በአገር ቤት የቀረበት፣ ወይም ሁለቱ እዚያው ተዋውቀው ለመጋባት የፈለጉበት ሁኔታ ያጋጥማል። ለእነዚህ ያሉት አማራጮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ጋብቻው ቀድሞ የተፈጸመ ከሆነና ያልተመዘገበ ከሆነ፣ የሄደችው በዕረፍት ስትመለስ ሁለቱም ቀርበው ማስመዝገብ ቀላሉ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፣ ገና ያልተጋቡ ከሆነ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሁለቱም በአካል ቀርበው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ይጠይቃል። በውክልና መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩንና የወካዩን ሙሉ ፈቃድ የፍትሕ ሚኒስቴር አረጋግጦ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ «ወንድሜ በእኔ ፈንታ ይፈርምልኛል» ተብሎ በዘልማድ የሚደረግ ነገር በኋላ ትዳሩን ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር የሚገጥማቸውን ወሳኝ ኩነት በኤምባሲዎችና በቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች ማስመዝገብ እንደሚችሉ ሕጉ ይደነግጋል። ለዚህም ሆነ በመዳረሻው አገር ሕግ ለመጋባት ከአገር ቤት የተረጋገጠ ያላገባ ማስረጃ ስለሚጠየቅ ሲወጡ ይዘውት መሄድ ወይም በቤተሰብ በኩል ማስላክ ያስፈልጋል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የሲቪል ጋብቻ በር ተከፍቷል፤ አቡ ዳቢ በ2014 ዓ.ም ጀመረችው፤ ከጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በፌዴራል ሕግ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። ሙስሊሞች ደግሞ በአገሪቱ የሸሪዓ ሕግ መሠረት መጋባት ይችላሉ።

ልጅ ከተወለደ

ያለ ጋብቻ ሰነድ በውጭ አገር የተወለደ ሕፃን ትልቁ ችግር የልደት ምስክር ወረቀት ማጣት ነው። ያ ወረቀት ከሌለ ክትባት ማግኘት፣ የጉዞ ሰነድ ማውጣትና ከአገር መውጣት ሁሉ ይከብዳል። እናት በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆና ማወቅ ያለባት ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው መደንገጉ ነው። ሁለተኛው፣ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። አባቱ ባይታወቅ፣ ቢክድ ወይም የሌላ አገር ዜጋ ቢሆን ልጁ አገር አልባ አይሆንም። ስለዚህ ኤምባሲው ወይም ቆንስላው የልጁን ልደት እንዲመዘግብና ወደ አገር መግቢያ የይለፍ ሰነድ፣ በተለምዶ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን፣ እንዲሰጥ መጠየቅ የእናትየዋ መብት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ጉዳዩን ከመውለዷ በፊት ለኤምባሲው ማሳወቋ አማራጮቿን ያሰፋላታል። ወደ አገሯ ለመመለስ ብትወስን እንኳ የእርግዝናው ወራት በገፋ ቁጥር አየር መንገዶች ስለማይቀበሏት መዘግየት የለባትም።

በአገር ቤት የሚጠብቁ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። «ምን ይዛ ትመጣ ይሆን?» የሚል የስልክ ላይ ቁጣ ልጅቱን ዝም ያሰኛታል፤ ዝምታዋ ደግሞ ከኤምባሲም ከሐኪምም ያርቃታል። እናቷ ወይም ታላቅ እኅቷ «ደኅና ነሽ ወይ? መጀመሪያ ሕይወትሽን አድኚ» ካሏት ግን ርዳታ የመጠየቅ ድፍረት ታገኛለች።

ችግር ከደረሰ ምን ማድረግ ይገባል?

በፖሊስ የተያዘ ሰው ወዲያውኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንዲነገርለት መጠየቅ አለበት። የማያነበውን የዐረብኛ ወረቀት መፈረም የለበትም፤ አስተርጓሚ እንዲመጣለት ይጠይቅ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና በመሰሎቹ አገሮች ክሱ የተመሠረተው በቤተሰብ አቤቱታ ላይ ከሆነ አቤቱታው ሲነሣ ክሱ ሊቋረጥ ስለሚችል በአገር ቤት ያሉ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች በፍጥነት መነጋገራቸው ይጠቅማል። ለዚህ የእኛ የሽምግልና ባሕል መልካም መሣሪያ ነው።

በአገር ቤት ያለ ቤተሰብ በበኩሉ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ኮፒ፣ የፓስፖርቱን ቁጥር፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ፣ የላከውን ኤጀንሲ ስም በአንድ ቦታ ጽፎ ማስቀመጥ አለበት። ችግር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው። ጋብቻው ሳይመዘገብ ሄደው ከሆነም ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱትን በጽሑፍ አስፍረው ለኤምባሲው እንዲደርስ ማድረግ ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል።

ከመነሣት በፊት የሚታይ ዝርዝር

ለጉዞ የሚዘጋጁ ጥንዶች የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል፦

• የሚሄዱበት አገር ሳይጋቡ አብሮ መኖርን በተመለከተ ያለውን ሕግ ከኤጀንሲው፣ ከኤምባሲው ወይም ከሕግ ባለሙያ መጠየቅ፤ ቀድሞ የሄደ ሰው የነገረው ሕግ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።
• በባሕልም ሆነ በሃይማኖት የተፈጸመውን ጋብቻ በቀበሌ ማስመዝገብና ምስክር ወረቀቱን መቀበል።
• ወረቀቱን ማስተርጎም፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በመዳረሻው አገር ኤምባሲ ማስረጋገጥ።
• ስምና ቀን ከፓስፖርቱ ጋር መመሳሰሉን ፊደል በፊደል መመልከት።
• ገና ያልተጋቡ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ መያዝ፤ በሚከለክሉ አገሮችም አንድ ክፍል ወይም አንድ ቤት ከመጋራት መቆጠብ።
• የኤምባሲውን ስልክ ቁጥር በስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጽፎ መያዝ።

ጥንዶቹ መጪው ጥር የሚጋቡ ከሆነም ለሠርጉ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎችና ሚዜዎች ምስክር ለመሆን በአንድ ቦታ የሚገኙት ያኔ ነው። ከሠርጉ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከመካከላቸው አራቱን ይዞ ወደ ቀበሌው ጎራ ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዓመታት ካለፉና ጥንዶቹ በሰው አገር ሳሉ ከሆነ ግን ያንኑ ወረቀት ማግኘት የወራት ልፋት ይጠይቃል።